ጥቁር ሰሌዳው ላይ የተሳለው ተራራ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ለዘመድ የሚላክ ደብዳቤ እንኳ ሲሆን እኔ እናገራለሁ፣ ልጆቼ ይጽፋሉ። ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ ነው ያቆምኩት፤ ከዚያ ወዲህ እጄ ከእስክሪብቶ ይልቅ የለመደው ብርቱካንና ማንጎ መደርደር ነው። ሰው ፊት መናገርም ከልጅነቴ ጀምሮ አይሆንልኝም። ባለፈው የመስቀል ሰሞን ግን እዚህ መርሳ፣ መናኸሪያው አጠገብ፣ ከየሺ ጋር ተገናኘን። ከዚያን ቀን ወዲህ አንድ ነገር ውስጤ ይመላለሳል። ለሰው እንዳላወራው አፈርኩ፤ ዝም እንዳልለውም አልሆነልኝም። ወረቀት አያሳፍር ይሆናል ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

የሺ የክፍል ጓደኛዬ ነበረች። አሁን ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፤ ደሴ ነው የምትኖረው። ከሚኒባስ ስትወርድ መነጽር አድርጋለች፣ ለስላሳ ቆዳ ጫማ ተጫምታለች፤ ፊቷን ሳላይ በአረማመዷ አወቅኋት። ያ አረማመድ ያኔም ያበግነኝ ነበር። መንገዱን ሁሉ ለእሷ የጠረጉላት ነበር የሚመስላት። ስማችንን ተጠራርተን ተሳሳምን፣ እኔም ወንበሬን ለቀቅኩላት። የነገረችኝን በኋላ እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ያ ጊዜ እንዴት እንደነበረ ካልተናገርኩ ነገሩ አይገባም።

ያኔ መርሳ ማለት አስፋልቱና ግራ ቀኙ ነበረች። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚያልፈው አውቶቡስ ሲቆም፣ እኛ ልጆች ትሪያችንን አናታችን ላይ አድርገን ወደ መስኮቶቹ እንሮጥ ነበር። ብርቱካን አምስቱ በስሙኒ ነው፤ ለሚከራከር ሰው ስድስት። ሎሚውን ምራቂ እንሰጥ ነበር። አሁን የብርቱካኑ ዛፍ በየጓሮው ደርቆ ማንጎ ተተክቷል፤ ብርቱካንማ ሰው ከሌላ አገር በካርቶን አስጭኖ ሲሸጥ አያለሁ፣ ሽታው ግን የለም። የዚያን ጊዜው ብርቱካን ሲላጥ ከአስፋልቱ ማዶ ይሸት ነበር። ከመቆሚያው ፊት ለፊት የየሺ አክስት ሻይ ቤት ነበረች። ሻይ በአስር ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖም በአስር ሳንቲም። አንድ ትልቅ ቴፕ ነበራት፤ ከሰዓት በኋላ ትዝታ ትከፍትና ሾፌሮቹ ሳይቀሩ አንገታቸውን ደፍተው ይሰማሉ። መሐል ላይ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ይነሣና ሰልፍና ስብሰባ ይጠራል፤ ያን ጊዜ አክስቲቱ ቴፑን ትቀንሳለች እንጂ አታጠፋውም። ጎረምሶቹ ጎፈሬያቸውን አበጥረው፣ ሱሪያቸው ከታች አቧራ እየጠረገ ይሄዳሉ። እኛ ሴቶቹ ደግሞ ናይለን ሻሽና ኮንጎ ጫማ ካገኘን አላህን ሌላ አንጠይቅም ነበር። ኮንጎ ጫማ በጸሐይ ሲግል እግር ያቃጥላል፤ ቢሆንም አናወልቀውም። ስኳርና ሳሙና ከኅብረት ሱቅ በወረፋ ነበር። እንዲያም ሆኖ አሁን ሳስበው ያኔ ሳቅ የበዛ ይመስለኛል። ወይም እኔ ልጅ ስለነበርኩ ይሆናል።

አማርኛ የሚያስተምሩን እትዬ ስንዱ የወልድያ ሰው ነበሩ። ጸጉራቸውን አጭር ተቆርጠው፣ ባለ ፕሊስ ጉርድ ለብሰው፣ ቀይ ሹራብ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ሲገቡ ክፍሉ የሽቶ ሳሙና ይሸታል። እኛ በልብስ ሳሙናም የምንታጠበው ሲገኝ ነበር። እትዬ አንድ የልጆች ልብ ወለድ ነበራቸው። ለክፍሉ በሙሉ ያለው መጽሐፍ ያ ብቻ ነው። ሽፋኑ ተገንጥሎ ጠፍቶ ስለነበር በአሮጌ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ለብጠውታል። ሐሙስ ሐሙስ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ቆመው ያነቡልናል፤ አንብበው ሲያቆሙ ጠመኔ ያነሡና ሰሌዳው ላይ ተራራ ይስላሉ። የተራራው እግር መነሻ ነው አሉን። ሽቅብ የሚወጣው ዳገት ግጭት ነው። ጫፉ ጡዘት፤ ቁልቁለቱ አልፎ ሜዳው ላይ ሲደረስ ልቀት። «ዛሬ የት ደረስን?» ይላሉ። አንዱ ተነሥቶ ታሪኩ የደረሰበት ላይ በጠመኔ ነጥብ ያደርጋል። እኔ አንድም ቀን እጄን አላወጣሁም፤ የት እንደደረስን ግን ከሁሉም ቀድሜ አውቅ ነበር። ጠመኔው ዞሮ ዞሮ የሺ እጅ ይገባል። እሷ ነጥቡን አድርጋ ስትመለስ ጣቷ ላይ የቀረውን ነጭ ዱቄት ዩኒፎርሟ ላይ ትጠርገዋለች፤ እኔ ያንን ዱቄት እንኳ እመኘው ነበር።

ታሪኩ ጥሩዬ ስለምትባል ልጅ ነው። የጥሩዬ አባትና ጎረቤታቸው በአንድ ቦይ ተራ ገብተው እርሻቸውን ያጠጣሉ። አንድ ጠዋት ሲነሡ ውሃው የለም፤ የቦዩ ድንጋይ ተነሥቶ ውሃው ሜዳ ፈስሷል። የጥሩዬ አባት «ጎረቤቴ ነው» አለ፤ ጎረቤቱ «ስሜን አጠፋህ» አለ፤ ሁለቱ ቤት እሳት መጫጫር ተወ። እትዬ ስንዱ እዚህ ላይ መጽሐፉን ዘጉት። ነጥባችን ገና ዳገቱ መጀመሪያ ላይ ነበረች። «ከዚህ በኋላ ያለውን እናንተ አውጡልኝ፤ ለሚቀጥለው ሐሙስ ሁላችሁም አስባችሁ ትመጣላችሁ» አሉን።

በዚያው ሳምንት እትዬ ብርቱካን ሊገዙ እናቴ ዘንድ መጡ። ወደ ወልድያ መዛወራቸው ነው። እዚያ እናታቸው ቤት ስለሚኖሩ፣ በቤት ሥራ የምታግዛቸውና ሰባተኛ ክፍል የሚያስገቧት አንድ ልጅ ይዘው መሄድ ፈለጉ፤ ካንቺ ልጅ ከሀዋና ከየሺ አንዷን አስቤያለሁ፣ አማርኛዋ የበረታችውን፣ ብለው ለእናቴ ሲነግሯት ከትሪው ጀርባ ቁጢጥ ብዬ እሰማለሁ። ለእኛ ያኔ ሰባተኛ ክፍል ማለት ወልድያ ነበር። ወልድያ ያልሄደች ልጅ ትዳር ነው የምትጠብቀው። እኔ ወልድያን ያየሁት አንድ ቀን ነው፤ ደብተር ያቀፉ ሴት ተማሪዎች ቁልቁለቱን እየተሳሳቁ ሲወርዱ አይቼ፣ ከእነሱ አንዷ የሆንኩ መስሎኝ መርሳ እስክደርስ ድረስ እጄን ደረቴ ላይ አጥፌ ነበር። ስለዚህ የዚያ ሐሙስ ነገር ለሌሎቹ ጨዋታ ነበር፤ ለእኔ ግን ጨዋታ አልነበረም።

ሳምንቱን ሙሉ አሰብኩ። አያቴ አበጋር ናቸው። አበጋር በእኛ አገር ጠብ የሚያበርድ፣ ደም የሚያደርቅ ሽማግሌ ነው፤ ከአባቱ ወርሶ፣ በዱዓ። ከሐራና ከግራና ከተሞችም ሰው ይመጣባቸዋል። ሁለት ሰው ተጣላ የተባለ እንደሆነ፣ ምሳ ቀርቦም ቢሆን እጃቸውን ሳይሰዱ ተነሥተው ይወጣሉ። «ጠብ ካደረ ይወልዳል» ይሉ ነበር። እኔ ተጣልቶ የሰነበተ ሰው ቤታችን ውስጥም ጎረቤትም አላየሁም። እና ሁለት ቤት እሳት እስከ መከልከል ከደረሰ ምን እንደሚደረግ ለእኔ ግልጽ ነበር። ይኼ ምን ያስጠይቃል አልኩ፤ አገኘሁት ብዬ ደስ አለኝ።

ሐሙስ ደረሰ። ስሜ ሲጠራ ተነሣሁ፣ ሻሼን ወደ አፌ ሳብኩ፤ ድምፄ የለም። ከኋላ ያሉት ወንዶች «ድምፅ! ድምፅ!» ይሉ ጀመር። እትዬ በዓይናቸው ዝም አሰኟቸውና «ሀዋ፣ ለእኔ ብቻ ንገሪኝ» አሉኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ። የራሴ ድምፅ ሲጠፋብኝ የአያቴ መጣልኝ። አበጋሩ ዋርካው ሥር ተቀመጡ፤ ሁለቱን ጎረቤታሞች ግራና ቀኝ አስቀመጡ፤ ድንጋዩን ያነሣህ፣ አላህ ያየሃል፣ ተናገር አሉ። ጎረቤትየው ተናገረ፤ ማረኝ አለ፤ የጥሩዬ አባት ማርኩህ አለው፤ እያልኩ ቀጠልኩ። ዱዓው ላይ ስደርስ እጄን ዘረጋሁ።

«ያጣላችሁን ሸይጧን ያርቅላችሁ» አልኩ።

ከፊት የተቀመጡት ልጆች «አሚን» አሉ።

«ውሃችሁ አይድረቅ፤ ልጆቻችሁ ካንድ ምንጭ ይጠጡ።»

ክፍሉ በሙሉ «አሚን» አለ። እስላሙም ክርስቲያኑም፤ ሁሉም እንዲህ ያለ ቦታ ተቀምጦ ያውቃል። ዓይኔን ስገልጥ ሁሉም እጁን እንደ ዘረጋ ነው። እትዬ ስንዱም ጠመኔ እንደያዙ መዳፋቸው ተከፍቷል። መዳፋቸውን አዩና ሳቁ፤ ወንበር ስበው እስኪቀመጡ ሳቁ። ከዚያ ተነሥተው ወደ ሰሌዳው ሄዱና ተራራውን በዳስተር ጠርገው፣ በቦታው እንደ አውድማ የተነጠፈ መስመር አሰመሩ።

«ሀዋ፣ አገሩን ሰላም አደረግሽው፤ ታሪክ ግን አሳጣሽን» አሉ። «ጠቡ ገና ዳገቱን ሳይጀምር አወረድሽው። ታሪክ ውስጥ ጠብ እስኪያድግ ይተዋል።»

ልጆቹ ሳቁ። ከኋላ አንዱ «እማማ አበጋር» አለኝ፤ እስክንለያይ ድረስ ስሜ እሱ ሆነ። እኔ ግን ከሳቁ ይልቅ የእትዬ ቃል ገረመኝ። ጠብ እስኪያድግ ድረስ ዝም ብሎ የሚያይ ምን ዓይነት ሰው ነው?

ቀጥሎ የሺ ተጠራች። ወገቧን ይዛ ነው የቆመችው። ጥሩዬ ሌባውን በዓይኔ ካላየሁ ብላ ጎህ ሳይቀድ ወደ ቦዩ ወጣች አለች። ቁጥቋጦ ውስጥ ተደበቀች። አንድ ሰው መጣ፤ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን አነሣ። ቀና ሲል አባቷ ነው። ከጎረቤቱ ጋር ለመጣላት ምክንያት ይፈልግ ኖሯል። ጥሩዬ አልጮኸችም። ቀድማው ቤት ገባች፤ አባቷ ሲመጣ እንደ ወትሮው ውሃ አቀረበችለት፤ ጭቃውን ከእጁ አስታጠበችው። የሺ እዚህ ላይ ዝም አለች። «ድምፅ» ሲል የነበረው ልጅ «ከዚያስ?» አላት፣ በቀስታ።

«ከዚያማ እሷ ታውቃለች» አለች የሺ። «እሱ ግን እንደምታውቅ አያውቅም።»

እትዬ ስንዱ ተራራውን እንደገና ሳሉት፣ ጫፉ ላይ ነጥብ አደረጉ፤ ፊታቸውንም ቶሎ ወደ እኛ አላዞሩም።

ቅናት ምን እንደሆነ ያን ቀን አወቅኩ። ከዚያ በፊት በጫማዋ፣ በጠመኔው፣ በአረማመዷ ቀንቼ ነበር፤ ያ የልጅ ቅናት ነው፤ ሲመሽ ይረሳል። ይኼኛው ግን መሽቶም አልተረሳኝ። ከየት አመጣችው? እያልኩ ስብሰለሰል ከየት እንዳመጣችው ገባኝ። የሺ እናቷ አራስ ቤት ነው የሞተችው። አባቷ ሲሪንቃ የእርሻ ሥራ ይሠራል፤ ሌላ አግብቶ፣ እሷን ለአክስቷ ጥሎ፣ ከአክስትየዋም ጋር ተኳርፎ አውቶቡሱ መርሳ ሲቆም እንኳ አይወርድም ነበር። ያንን ጠብ ማንም አላስታረቀውም። የሺ ያደገችው ዳገቱ ላይ ነው፤ እኔ ያደግኩት ሜዳው ላይ። እንግዲህ ሰው ባልታረቀ ጠብ ይቀናል? እኔ ቀናሁ። እናቴ አጠገቤ ተኝታ እየተነፈሰች፣ የእኔም ቤት አንድ ክፉ ነገር ኖሮበት ቢሆን ኖሮ ብዬ ተመኘሁ።

እትዬ መጽሐፉን በቀሩት ሐሙሶች አንብበው ጨረሱት። ክፍል ውስጥ ነበርኩ፤ ግን እንዴት እንዳለቀ ጆሮዬ አልያዘውም፤ የማየው የየሺን ማጅራት ነበር። ትምህርት ሲዘጋ እናቴ ብርቱካን እየደረደረች «የሺን ልትወስዳት ነው አሉ» አለችኝ። ቀና ብላ አላየችኝም። ማዘኔን አይታ ልትራራልኝ ነው ብዬ እኔም አላየኋትም።

የሄዱ ቀን የሺ አበባ ያለው ተርጋል ቀሚስ ለብሳ፣ ቀይ የቆርቆሮ ሳጥን አስጭና ነበር። አክስቷ ቴፑን ዘግታ አለቀሰች። እኔ ትሪዬን ይዤ መጣሁና፣ የእነሱን መስኮት ትቼ በማዶ በኩል ላሉት መንገደኞች ሸጥኩ። የሺ ተነሥታ በዚያኛው መስኮት አንገቷን አወጣችና «አንቺ ሀዋ፣ እጽፍልሻለሁ እኮ» አለች። የሰማሁ አልመሰልኩም። አውቶቡሱ ሲነሣ የናፍጣ ጭሱና የብርቱካኑ ሽታ ተቀላቅሎ ቀረ፤ እስካሁንም ናፍጣ ሲሸተኝ የሚመጣብኝ ያ ቀን ነው።

ከዚያ ወዲያ በየእረፍቱ ትመጣ ነበር። አንድ ጊዜ ጸጉሯን ተተኩሳ፣ አንድ ጊዜ ሹራቧን እንደ እትዬ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ። የወልድያ ተማሪ አነጋገር ለምዳለች፤ ኪነት ገብታ የተማረችውን ዘፈን ታሰማናለች፣ ልጆቹ ይከቧታል። እኔን ስታገኝ ደግሞ ስለ ትምህርቷ ትነግረኛለች፤ ስለ ጡዘት፣ ስለ ልቀት፤ እኔ የማላውቀው ይመስል። ደብዳቤም ጽፋልኝ ነበር፤ ወንድሜ ሲያነብልኝ ደህና ነው እልና ተነሥቼ እወጣለሁ፤ ማንበብ አቅቶኝ ግን አይደለም። በኋላ ግራና ሱቅ ላለው ሰው ተዳርኩ። ደግ ሰው ነበር፣ አላህ ይማረው። ክፉው ጊዜ መጣ፣ አለፈ፤ ልጆች ወለድኩ፣ አሳደግኩ፤ ባሌ ሲሞት ወደ መርሳ፣ ወደ እናቴ ተመለስኩ። ማታ ሬዲዮ ላይ ድራማ ሲተላለፍ ልጆቼ ምን ሊመጣ ነው እያሉ ሲጨነቁ፣ እኔ ዳገቱ የት እንደደረሰ አውቅ ነበር፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ ደግሞ ይኼን የሺ ብትናገረው እል ነበር። የሺ አስተማሪ ሆነች ሲሉኝ፣ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ ያንን ተራራ ስትስል ታየኝ። ጣቷን ስትጠርግ ታየኝ። ያረጀ ቅናት ደግሞ እንደ ጉልበት ሕመም ነው፤ ተለይቶኛል ስትይ ደመና ሲመጣ ይነሣል።

እንግዲህ ባለፈው መስቀል ያች የሺ ናት ወንበሬ ላይ የተቀመጠችው። ልጆቻችንን ተጠያየቅን። ማንጎ ላጥኩላት። እትዬ ስንዱ ማረፋቸውን ነገረችኝ፤ ሸምግለው፣ ሳይታመሙ። እስከ መጨረሻቸው «ያቺ ተራራ የናደችው ልጅ እንዴት ናት?» ይሏት ነበር። ሳቅኩ፤ እሷም ሳቀች።

«እኔ እኮ ምትክ ነበርኩ» አለች፣ ማንጎዋን እየበላች።

«የምን ምትክ?»

«የአንቺ ነዋ። እትዬ መጀመሪያ እናንተ ቤት ነው የመጡት። ያን ሐሙስ፣ አሚን ያሰኘሽን ዕለት፣ ከክፍል እንደ ወጡ። ሀዋን ስጡኝ ብለው ለመኑ፤ እናትሽ እምቢ አሏቸው። ከዚያ ነው ወደ አክስቴ የተሻገሩት። ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ፤ ሲናደዱብኝ ደግሞ ሀዋ ብትሆን ኖሮ ይሉኛል።» እየሳቀች ነበር የምታወራው፤ ፊቴን ስታይ ግን ማኘኳን አቆመች። «አንቺ፣ አታውቂም ነበር እንዴ?»

ሚኒባሷን ተሳፍራ እስክትሄድ የተናገርኩትን አላስታውስም። ይህን ሁሉ ዘመን በየሺ ታሪክ ነበር የቀናሁት፤ እኔ ጠቡን ማሳደግ ባለመቻሌ የቀረሁ ነበር የመሰለኝ። አሁን ደግሞ በማን ልቅና? እትዬ ስንዱ ስጡኝ ባሏት፣ ደብተሯን አቅፋ የወልድያን ቁልቁለት በምትወርደው፣ በዚያች በማላውቃት ሀዋ ቀናሁ። ከየሺ ይልቅ እሷ ባሰችብኝ፤ የሺማ መጥታ ማንጎዬን በልታለች።

ትሪውን ለልጄ ትቼ ወደ ቤት ገባሁ። እናቴ በሩ ላይ ጸሐይ እየሞቀች፣ ሙስበሃዋን፣ የዱዓ መቁጠሪያዋን፣ እየቆጠረች ነበር። ዓይኗ ደክሟል፤ ጆሮዋና ልቧ ግን ደህና ነው። አጠገቧ ተቀመጥኩና የሺ ያለችውን ነገርኳት። ትክዳለች ብዬ ነበር።

«ጠይቃኛለች» አለች።

ለምን እምቢ አልሽ፣ ለምንስ ሳይነገረኝ ቀረ አልኳት። ሥጋው ነው? ክርስቲያን ቤት ስለሆነ ነው?

«ሥጋማ ዶሮም አርደን እንልክልሽ ነበር።»

አያቴ ከልክለው ነው? አባቴ? ብዬ ጠየቅኳት። ሙስበሃ በያዘው እጇ አይደለም የሚል ምልክት ሰጠችኝ። ድምፄ እየጠነከረ መጣ፤ በእናቴ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበር። ታዲያ ለምን፣ እኔ ምን አጥፍቼ ነው፣ የሺ ከእኔ ምን በልጣ ነው የሄደችው አልኳት። እናቴ ሙስበሃውን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። በዳበሳ እጄን ፈልጋ ያዘችው።

«የሺ እናት አልነበራትም» አለችኝ። «አንቺ ነበረሽ።»